ገደሉ ሲመልስ

ሐሙስ፣ የካቲት 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ዛሬ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበቡን ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰበሰብኩ። ሰሌዳው ላይ «የችግር ልየታ» ብዬ ጻፍኩና፣ በኑሯችሁ የሚያስቸግራችሁን ነገር ንገሩኝ፣ አንዱን መርጠን መላ የሚሆነውን በእጃችን እንሠራለን አልኳቸው። ከዚህ በፊት ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ይህን ስጠይቅ እጅ በእጅ ላይ ነበር የሚነሣው፤ ውኃ፣ የሚያጨስ ምድጃ፣ አይጥ። እዚህ ሁሉም አቀረቀሩ። ምንይሉ ከኋላ ወንበር ተነሣና «ጉም» ብሎ ተቀመጠ።

ሌላ ሐሳብ ያለው አለ ወይ አልኩ። የለም።

እኔ ሞላሌ ነው ያደግሁት፤ ጉም አዲሴ አይደለም። የዚህኛው ግን ሌላ ነው። ትምህርት ቤታችን ከራቤል ወዲያ፣ ደጋው ተቆርጦ ቆላው ከሚታይበት አፋፍ ብዙም አይርቅም። ጉሙ ከቆላ ተነሥቶ ጭላዳ ገደልን ወጥቶ ሲመጣ ከፊት የሚሄደውን ሰው ጀርባ ይወስደዋል። በጥር ወር የስምንተኛ ክፍሏ እየሩስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ስታ ገደሉ ውስጥ ገባች። መንገዱ የሚጠፋው ወደ አፋፉ ሲወርዱ ካለው ጉብታ ጀርባ፣ ሸጡ ውስጥ፣ ጎድጓዳው ቦታ ላይ ነው ይላሉ። ሬሳዋን ያወጡት የቆላ ሰዎች ናቸው።

ጉሙ እስኪገለጥ ብላ ደጄ ቆማ ነበር የሚሉ አሉ። ከትምህርት ቤት የሚወጣ ሁሉ በደጄ ነው የሚያልፈው። ቤቴ መንገድ ዳር ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 14

«አማራጭ ሐሳቦች»። ፋኖስ እንስቀል አሉ፤ ጉም ብርሃን አያሳልፍም፣ ቀረ። ገመድ እንዘርጋ አሉ፤ በሳምንቱ የአህያ መጫኛ ሆኖ ይገኛል ብለው ራሳቸው ሳቁ። ከመጣሁ ወዲህ አንድ ላይ ሲስቁ የሰማኋቸው ዛሬ ነው። ከጥር ወዲህ ማለቴ ነው።

ከዚያ ጽናት ተናገረች። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የእየሩስ ጎረቤት ነበረች፤ ሁለት ታናናሾቿን ይዛ ነው የምትመጣው። ጉም ሲወርድ እናቷ ደጅ ቆማ እንደምትጣራና እነሱ በድምጿ ቤታቸውን እንደሚያገኙት ነገረችን።

«ትምህርት ቤቱም ቢጠራን» አለች።

ተወሰነ። ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ እንሠራለን። ጠዋት በጉም ሲመጡ ወደ ድምፁ፣ ከሰዓት ሲመለሱ ድምፁን ከጀርባ አድርገው።

ለርዕሰ መምህራችን ለአቶ ዳኜ ነገርኳቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ኤሌክትሪክ አለው ወይ ብለው ነው። ይኖረዋል አልኳቸው። ግንቦት ላይ ደብረ ብርሃን የትምህርት ቤቶች የፈጠራ ሥራ ዐውደ ርዕይ አለ፤ የእኛ ትምህርት ቤት አንድ ቀን እንኳ ተሳትፎ አያውቅም አሉኝ። ፊታቸው በራ።

እሑድ፣ የካቲት 25

የእየሩስ አርባ ነበር። ከመምህራኑ ጋር ሄድኩ። እናቷ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ባላቸውም ቀድመው አርፈዋል። ጾም ስለሆነ የቀረበው ሽሮና ምስር ነው፤ ራሳቸው ናቸው ያዞሩልን። እኔ ጋ ሲደርሱ ጨመር አደረጉልኝ። «ልጄ ስለ እርስዎ ታወራልኝ ነበር» አሉኝ።

ምን እንደምታወራ አልጠየቅሁም።

 ጉም በወረደ ቁጥር ተማሪ ሁሉ ቤቴ ቢገባ የት አደርሰዋለሁ? «በጊዜ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» ማለት የመምህር ሥራ ነው። ማንም መምህር የሚለው ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 3

በችኮላ። ክላክስ ተገኘ! ጌጡ የሚባል፣ ከመሐል ሜዳ ሸቀጥ አምጥቶ እህል የሚጭን የአይሱዙ ሾፌር ነው የሰጠን። አሮጌ ባትሪም ጨመረልን፤ በገበያ ቀን ሲመጣ ከመኪናው ጋር አያይዞ ይሞላልናል። ክላክሱ ከእሱ ጋር ያልወረደው ጠመዝማዛ የለም፣ ገደል ያውቃል ብሎ ልጆቹን አሣቃቸው። ምንይሉ እንደ ግልገል አቅፎት ዋለ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11

የባሕር ዛፍ ምሰሶው ከቢሮው ጀርባ ቆመ። ክላክሱን ጫፉ ላይ አሰርነው፤ ሽቦውን አውርደን ባትሪው ካለበት የእንጨት ሣጥን ጋር አገናኘነው። ዝናብ እንዳይገባ ሣጥኑን በላስቲክ አለበስነው። የሚጫኑትን ቁልፍ ምንይሉ ከቆርቆሮ ቆርጦ ሠራው። ንድፉ ላይ ከሣልነው ይሻላል።

መጀመሪያ ጽናት ትጫነው ተባለ። ተጫነችው። አህዮች ፈረጠጡ፤ ገብስ ማሳ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ቀና አሉ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሳያልቅ ገደሉ መለሰ።

እጃቸው እንደተነሣ ቀረ። ረዥም ነው የመለሰው፣ ከእኛው ቀጠን ብሎ።

«ቲቸር፣ ማናት?» አለችኝ ጽናት።

ምንድን ነው አላለችም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 12

ነገሩ ሥር ሳይሰድ ብዬ ዛሬ ስለ ድምፅ አስተማርኩ። ድምፅ ከድንጋይ ግድግዳ ጋር ሲጋጭ ተመልሶ እንደሚመጣ ሣልኩላቸው። ከሥዕሉ በላይ «የገደል ማሚቶ» ብዬ ጻፍኩ። ምን እንደጻፍኩ ያየሁት ጽፌ ዞር ካልኩ በኋላ ነው። ሁሉም አንብበውታል። ላጠፋው አልቻልኩም።

ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ በትክክል መለሱ። ሳይንሱ ገብቷቸዋል። ሲወጡ ግን አንዷ ለጓደኛዋ፣ «እየሩስ እኮ ድሮም ስትጠራ ፈጥና ነበር አቤት የምትለው» ስትል ሰማሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 19

«ሙከራ»። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ልጆቹን በየመንገዱ አቆምኳቸው፤ ክላክሱ ሲጮኽ ድምፁ ወደመጣበት እጃቸውን እንዲጠቁሙ ነገርኳቸው። ከላይኛው መንደር ያሉት ጠቆሙ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትም፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያሉትም። ሁሉም ወደ እኛ።

ምንይሉን ሸጡ ውስጥ ነበር ያቆምኩት። ሲመለስ ቅር ብሎታል። «ቲቸር፣ እኔ የሰማሁት ከገደሉ ማዶ ነው» አለኝ። እሱ ሁለተኛው ነው፣ ተመላሹ ነው፤ የመጀመሪያውስ? አልኩት። «አንድ ብቻ ነው የሰማሁት።»

ሳይጠነቀቅ ቀርቶ ነው። ነፋስም ነበር። ወርጄ በራሴ ጆሮ አረጋግጣለሁ። ነገ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 20

ዝናብ። ሸጡ ጭቃ ብቻ ነው አሉ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 25

የፈተና ወረቀት ሳርም ዋልኩ። ምንይሉ እንደገና ጠየቀኝ። ከፋሲካ በኋላ እንወርዳለን አልኩት። ደግሞ ይህ ጫማዬ ለዚያ መንገድ አይሆንም፤ ሞላሌ ስሄድ ሌላ አመጣለሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 4

ከሞላሌ ተመለስኩ። እናቴ ከስተሻል አለችኝ። ኩራዝ ሳላጠፋ እንደምተኛም አይታ ምን ሆነሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት። ጫማውን ረሳሁት።

ዛሬ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ቆመው አገኘኋቸው። የጠቆረ ነጠላቸውን አገልድመዋል። ሰላምታ ተለዋወጥንና ወደ ምሰሶው እያዩ፣ «ዛሬ አይጮኽም?» አሉኝ።

ጉም ሲኖር ብቻ ነው የምናስጮኸው፣ ባትሪው እንዳያልቅ አልኳቸው።

ክላክሱ ሲጮኽ ሰው ሁሉ ሥራውን ሲቀጥል እሳቸው ወደ አፋፉ ወርደው እንደሚቀመጡ ጽናት ነግራኛለች። ስለዚህ አስቀምጬ በቀስታ አስረዳኋቸው። ያ የሚመልሰው ድንጋዩ ነው፤ እርስዎም ቢጣሩ ይመልስልዎታል፤ ሌላ ምንም ነገር የለውም። እንዳይሄዱ ለመንኳቸው፤ አፋፉ ያዳልጣል። አንገታቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ያውቁታል» አሉኝ። «እኔ ግን ከጥር ወዲህ ስጣራ ያልመለሰልኝ ድንጋይ ነው። አሁን እናንተ ስትጠሯት መለሰ።»

ሰዎች ልከው እንዲያግዷቸው አቶ ዳኜን ጠየቅሁ። ለጎረቤቶቻቸው ተነገረ። ተነግሮ ምን ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 9

ከወረዳ እንግዶች መጡ። ምንይሉና ጽናት ሥራውን ከችግር ልየታ እስከ ሙከራ ድረስ አስረዱ፤ ቃል አልተደናቀፈባቸውም። ክላክሱ ሲጮኽ እንግዶቹ ጆሯቸውን ይዘው ሳቁ። ገደሉ ሲመልስ፣ «ማዶም ሌላ አላችሁ እንዴ?» አለ አንደኛው። ደብረ ብርሃን የሚሄደው የእኛ ሥራ እንዲሆን ወሰኑ። አቶ ዳኜ መንገድ ድረስ ሸኝተው ሲመለሱ እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

ምንይሉ «ማሻሻያ» የሚለውን ክፍል ሲያስረዳ፣ «በሸጡ በኩል ገና ያልተረጋገጠ ነገር አለ» ብሎ ነበር። ማንም አልጠየቀውም። እኔ ቀና ብዬ አላየሁትም።

በዚህ ሳምንት እወርዳለሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 17

ጉም። ከቢሮው በር ሆኜ ምሰሶው አይታየኝም። ተረኛው ልጅ ስላልደረሰ ክላክሱን የምጫነው እኔ ነኝ። እጫናለሁ፣ አርፋለሁ፣ እጽፋለሁ።

መምጣት ጀመሩ። ጠጉራቸው ርሷል። ከላይኛው መንደር ያሉት ተያይዘው ደረሱ፤ እየተሣሣቁ ነው። በድምፁ መጣን አሉ። ይሠራል።

ከቤተ ክርስቲያን በኩል ያሉትም።

ይሠራል።

ጽናትና ታናናሾቿ ገና ናቸው። ምንይሉ ደረሰ። ጽናትን አይተሃታል? አልኩት። በሸጡ በኩል ነው የምትመጣው አለ። ከዚያ ወደ ክላክሱ አየና፣ «ቲቸር፣ አይጫኑት» አለኝ። እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። ባቆም ጭራሽ ምንም አይሰሙም። ብቀጥልስ። ሮጦ ወጣ። እኔ

ከሰዓት። ደርሰዋል። ሦስቱም። በሕይወት አሉ። ጽናት ትንሹን አዝላዋለች። ምንይሉ ነው ያወራው፤ ሸጡ ውስጥ ሆነው ድምፁን ሲከተሉ ሲከተሉ ከአፋፉ ደርሰዋል። ወይዘሮ ጥሩሸዋ እዚያ ነበሩ። እሳቸው ናቸው የያዟቸው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 18

ዛሬም ጉም ነበር። ለልጆቹ አትምጡ ብለን መልእክት ሰደድን። ምንይሉን ክላክሱ ጋ አቆምኩትና በየመሐሉ እንዲጫን ነግሬው ብቻዬን ወረድኩ። በዚያው ጫማ።

እስከ ጉብታው ድረስ ድምፁ ከጀርባዬ ነበር። ጉብታውን ዞሬ ወደ ሸጡ ስገባ ጠፋ፤ የተቆረጠ ያህል ነው የጠፋው። ቆምኩ። ሣሩና እግሬ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከዚያ ከፊቴ መጣ። ከፊት ለፊቴ፣ ቅርብ፣ ጥርት ብሎ። ጉብታው የእኛን ድምፅ ሸፍኖት ገደሉ የሚመልሰውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ልሥለው የምችለው ነገር ነው። ምንይሉ ከወር በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮኛል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ቆሜ ሰማሁት። የክላክስ ድምፅ መሆኑን አውቃለሁ፤ የጌጡ ክላክስ ነው። ግን ጉሙ ውስጥ ሲመጣ ክላክስ አይመስልም። አንድ ሰው ደጅ ቆሞ ልግባ ወይ የሚል ይመስላል። ደጋግሞ። ሳይቆጣ።

መሄዴን ያወቅሁት ከእግሬ ሥር ጠጠር ሲንሸራተት ነው። ጠጠሩ ወድቆ ድምፁን አልሰማሁትም። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩና በእጄ እየዳሰስኩ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

የእየሩስም መንገድ ይኸው ነበር። ያን ጊዜ ግን የሚጠራት ነገር አልነበረም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 22

ክበቡን ሰብስቤ፣ መሣሪያው በሸጡ በኩል ወደ ገደል እንደሚጠራ ነገርኳቸው። ምንይሉ ያለው ልክ ነበር አልኩ፤ በሁሉም ፊት። «አውቃለሁ» አለ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ «ለምን ነበር ያልወረዱት?» አለኝ። ሌሎቹም መልሴን ጠበቁ። ዝናብ ነበር አልኩ።

አቶ ዳኜ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን እስክጨርስ ሰሙኝ፤ ደንግጠዋል፤ እዚህ መጮኹ ይቁም አሉ። ደብረ ብርሃን መሄዱ ግን አይቀርም፣ ለወረዳ ተነግሯል፣ ስማችን ተመዝግቧል አሉ።

«ልጅ ሊገድል የነበረ ነገር ነው፣ አቶ ዳኜ» አልኳቸው።

«ደብረ ብርሃን ላይ ገደል የለም» አሉኝ።

ክፉ ሰው አይደሉም። ይህ ትምህርት ቤት አንድ ቀን ስሙ እንዲጠራ ነው የፈለጉት። እኔም ከሁለት ሳምንት በፊት እንደ እሳቸው ነበርኩ፤ እጄን ሲጨብጡኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አልሄድም አልኳቸው። ልጆቹም አይሄዱም። እንግዲህ ለወረዳው የሚጻፈው ስለ እኔ ነው የሚሆነው አሉኝ። ይጻፍ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 2

ክላክሱን ዛሬ አወረድነው። ምንይሉ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ሽቦውን ፈታ፤ ታች ያሉት በጨርቅ ተቀበሉት። ጌጡ ባትሪውንና ክላክሱን መኪናው ላይ ሲጭን ልጆቹን ላለማየት ይሞክር ነበር።

ሰሌዳ ላይ ካስተማርኳቸው ሁሉ ይልቅ ዛሬ ብዙ ተምረዋል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ወዲያው አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ ጽናትን ቀና ብዬ ሳያት ገባኝ። ክላክሱ ከወረደ በኋላም ጆሮዋ ወደ ገደሉ ነው።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤታቸው አልወጡም። ላመሰግናቸው ሄጄ ነበር። በሩ ተዘግቷል። ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ጢስ ይወጣል። አንኳኳሁ። ቆሜ ጠበቅሁ። በተዘጋ በር ፊት መቆም ረዥም ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 13

ክበቡ አዲስ ሥራ ጀምሯል። ልጆቹ ከሸጡ መግቢያ እስከ አፋፉ ማብቂያ የሰው ቁመት እኩሌታ የሚደርስ ካብ ይካብ አሉ። በጉም የሄደ ሰው ካቡ ሲነካው ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ካቡን እየዳሰሰ መንገዱ ላይ ይወጣል። ኤሌክትሪክ የለውም። ንድፉን ሠርተን አቶ ዳኜ ዘንድ ወሰድነው። ብዙ ጊዜ አዩትና ከሰዓት የእርሻና የስፖርት ክፍለ ጊዜውን ለዚህ ውሰዱ አሉን። ቅዳሜ ራሳቸውም ኮታቸውን አውልቀው ድንጋይ ሲያንከባልሉ ዋሉ። ስለ ደብረ ብርሃን አላነሡም። ለወረዳ ስለ እኔ መጻፋቸውን ሌላ መምህር ነግሮኛል።

ወላጆች መጡ። እኔም በየቀኑ እወርዳለሁ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ሸጡ ሸጥ ብቻ ነው፤ ሣር፣ ድንጋይ፣ የጭላዳ ጩኸት። ማታ ግን ኩራዙን አሁንም አላጠፋም። ጉም ባለበት ሌሊት ደጄ ላይ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ከፈትኩ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 6

ካቡ ሊያልቅ ነው። ክረምቱ ሳይገባ እንድረስ ብለን ሁሉም ወጥቶ ነበር። ወደ እኩለ ቀን ገደማ ወይዘሮ ጥሩሸዋ መጡ። ማንንም ሳያናግሩ ከእኔ አጠገብ ሆነው ድንጋይ መደርደር ጀመሩ። አካካባቸው ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱን ድንጋይ አገላብጠው ፊቱን አይተው ነው የሚያስቀምጡት። እኔ አቀብላለሁ፣ እሳቸው ይክባሉ።

ድንጋዩን እያዩ ተናገሩ። ከዛሬ በፊት አንቱ ነበር የሚሉኝ።

«ያን ዕለት ጉሙ ውስጥ ተቀምጬ የልጅ ኮቴ ሰማሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ወደ እኔ ይመጣል። መጣች አልኩ። ደነገጥኩ እንዳትዪ፣ አልደነገጥኩም። እጄን ዘረጋሁና እጇን ያዝኩት። ይሞቃል። ስምሽ ማነው? አልኳት። ጽናት አለችኝ።»

የያዙትን ድንጋይ አስቀመጡ። አልተመቸም፤ አነሡትና በሌላ በኩል መለሱት።

«ግድ የለም አልኳት። ነይ አልኳት።»

 ጽናት ከታች በኩል ከታናናሾቿ ጋር ጠጠር ትለቅማለች። እኔ ስለ እየሩስና ስለ ደጄ አንድ ነገር ልነግራቸው ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ አድርገው ጠበቁኝ።

ድንጋይ አቀበልኳቸው።